የቆየ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ፍጥነቱ ስንት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያና ሐይቅ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ይዘው ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ሊገዙ የተነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ዩኤስቢ 1፣ 2 እና 3 የሚባሉት በምን ይለያያሉ?

መልካቸው ተመሳሳይ ነው፤ የሚለያቸው በሰከንድ የሚያሳልፉት የመረጃ መጠን ነው። በ1996 የወጣው የመጀመሪያው ዩኤስቢና በ1998 የተከተለው 1.1 ቢበዛ 12 ሜጋቢት ያሳልፋሉ። በ2000 የመጣው 2.0 ወደ 480 ሜጋቢት አሳደገው። በ2008 መጨረሻ የወጣው 3.0 ደግሞ 5 ጊጋቢት ደረሰ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ቁጥር በሜጋቢት ነው፤ ኮፒ ሲያደርጉ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ግን ሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 480ው ወደ 60 ይወርዳል። ለመቆጣጠሪያ መልእክት የሚሄደው ሲቀነስ ደግሞ ከ2.0 በእጅ የሚገባው በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። 1.1 ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይዘልም። 3.0 ፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው ማከማቻ) ከተሰካበት 400 አካባቢ ይደርሳል።

በአንድ የሠርግ ቪዲዮ እንየው። ፋይሉ 8 ጊጋባይት ቢሆን በ1.1 ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ2.0 ወደ 4 ደቂቃ ነው። በ3.0 ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ከሆነ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ ኤስኤስዲ ከሆነ 20 ሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። 1.1 ሥራ ያስፈታል፤ በ2.0 እና በ3.0 መካከል ያለው ልዩነት ግን የሚያሳስበው በየቀኑ ብዙ ጊጋባይት የሚገለብጥን ሰው ነው።

ኮምፒውተሩን ሳልከፍት ቀዳዳውን ብቻ አይቼ ማወቅ እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ቀዳዳው ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ሰማያዊ ከሆነች 3.0፣ ጥቁር ከሆነች 2.0፣ ነጭ ከሆነች ደግሞ የመጀመሪያው ትውልድ መሆኑ የተለመደ ነው። ነገር ግን ቀለሙን አምራቾች እንዲጠቀሙ ይመከራሉ እንጂ አይገደዱም። 3.0 ሆነው ጥቁር ቀዳዳ ያላቸው ላፕቶፖች ብዙ ናቸው። ቢጫ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ስልክ ቻርጅ ያደርጋል ማለት ነው፤ ስለ ፍጥነቱ የሚነግርዎት ነገር የለም።

ከቀለም ይልቅ ምልክቱን ይመኑ። ከሹካ መሰሉ የዩኤስቢ ምልክት አጠገብ ሁለት የእንግሊዝኛ ኤስ ፊደሎች ጎን ለጎን ከተጻፉ 3.0 ነው። ምልክቱ ተፍቆ ከጠፋ የስልክዎን ባትሪ አብርተው ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይመልከቱ። ምላሷ ላይ 4 የብረት መስመሮች ብቻ ካሉ 2.0 ወይም ከዚያ በታች ነው። ከአራቱ ሌላ በምላሷ ጠርዝ ላይ 5 ትናንሽ ብረቶች ተደርድረው ካዩ 3.0 ነው። ፍላሹም እንደዚሁ ይታያል፤ ከፊት 4 ሰፋፊ ብረቶች አሉ፣ 3.0 ከሆነ ከኋላቸው ጠለቅ ብሎ 5 ትናንሾች ይጨመራሉ። ሰማያዊ ፕላስቲክ ኖሮት አምስቱ ብረቶች የሌሉት ፍላሽ ገበያ ላይ ስለሚያጋጥም፣ ከመክፈልዎ በፊት አፉን ገልጠው ይቁጠሩ።

የተመረተበትን ዓመት ወይም ፕሮሰሰሩን አይቼስ?

ያገለገለ ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ቆመው ሲመርጡ ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው። ኢንቴል 3.0ን በራሱ ቺፕሴት (ቀዳዳዎቹን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው ቺፕ) ውስጥ ያስገባው በ2012፣ ከሦስተኛው ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮች ጋር ነው። ትውልዱን ከሞዴል ቁጥሩ ያገኙታል፤ አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ ትውልዱ ነው። 2520 ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ 3320 ሦስተኛ። ላፕቶፑ ሦስተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ ቢያንስ አንድ 3.0 ቀዳዳ ይኖረዋል ብለው መጠበቅ ይችላሉ። ሁለተኛ ትውልድ ከሆነ በአብዛኛው 2.0 ብቻ ነው፤ አምራቹ የሬኔሳስ ወይም የሌላ ድርጅት ቺፕ ጨምሮበት ከሆነ ግን አንድ ወይም ሁለት 3.0 ቀዳዳ ሊገኝበት ይችላል። ኮር 2 ዱዎ የሆኑት 2.0 ናቸው። ከ2002 በፊት የተሠራ ፔንቲየም 4 ካለዎት 1.1 ሊሆን ይችላል። ኤኤምዲ ቀደም ብሎ በ2011 ኤ75 በሚባለው ቺፕሴት ጀምሯል።

ዴስክቶፕ ላይ ግን ፕሮሰሰሩ ብቻውን ያሳስታል። ኤች61 የሚባለው ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች (ሁሉም ክፍል የሚሰካባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ባዮሳቸው (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) ሲታደስ ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይቀበላሉ፤ ቺፕሴቱ ራሱ ግን 3.0 የለውም። ስለዚህ ሻጩ «ሦስተኛ ትውልድ ነው» ቢልዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ዩኤስቢው ግን 2.0 ሊሆን ይችላል። ዴስክቶፕ ከሆነ የማዘርቦርዱን ሞዴል ይጠይቁ፤ ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ደቂቃ ያሳይዎታል።

ሌላው መርሳት የሌለበት፣ ሁሉም ቀዳዳ እኩል አለመሆኑን ነው። የ2012ቱ የኢንቴል ቺፕሴት ቢበዛ 4 ቀዳዳ ብቻ ነው በ3.0 የሚያሠራው፤ ቀሪዎቹ 2.0 ናቸው።

ዊንዶውስ ላይ እርግጠኛውን መልስ የት አገኛለሁ?

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ነው። ዊንዶውስ 8 ወይም 10 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና የኤክስ ፊደልን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ከሚወጣው ዝርዝር ዲቫይስ ማኔጀርን ይምረጡ። ዊንዶውስ 7 ላይ ስታርት ውስጥ ኮምፒውተር የሚለውን በማውሱ ቀኝ ተጭነው ማኔጅ የሚለውን ይክፈቱ፤ ዲቫይስ ማኔጀር በግራ በኩል አለ። ከዚያ ወደ ታች ወርደው ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ የሚለውን ይዘርጉ።

የሚያነቡት ኮንትሮለር የሚል ቃል ያለባቸውን መስመሮች ነው፤ ሃብ የሚሉትን ይለፏቸው። ኤክስቴንሲብል፣ ኤክስኤችሲአይ ወይም 3.0 የሚል ካለ ኮምፒውተሩ 3.0 አለው። ኢንሃንስድ የሚል ካለና ከላይ ያልነው ከሌለ ጣሪያው 2.0 ነው። ኦፕን ሆስት ወይም ዩኒቨርሳል ሆስት የሚሉት ብቻ ካሉ 1.1 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል፤ ዩኒቨርሳል ሆስት አራት አምስት ጊዜ ተደርድሮ ሲያይ «ኮምፒውተሬ 1.1 ነው» ይላል። እንደዚያ አይደለም። የ2.0 ኮምፒውተሮች ለማውስና ለኪቦርድ ዘገምተኛውን ኮንትሮለር አብረው ይይዛሉ። ከዝርዝሩ ከፍተኛውን ነው የሚወስዱት።

ይህ የሚነግርዎት ኮምፒውተሩ ምን እንዳለው ነው፤ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ግን አይለይም። ለዚያ 3.0 የሆነ ፍላሽ ወስደው በየቀዳዳው እያፈራረቁ ይሰኩ። ዊንዶውስ ከታች ጥግ ላይ ይህ ዕቃ ከዚህ በላይ መፍጠን ይችላል የሚል ማሳሰቢያ ካወጣ ቀዳዳው ከፍላሹ ያነሰ ነው። ማሳሰቢያው ሁልጊዜ ላይወጣ ስለሚችል ዝም ማለቱን እንደ ማረጋገጫ አይቁጠሩት። ለይተው ካወቁ በኋላ 3.0ው ላይ ትንሽ ፕላስተር ቢለጥፉበት፣ በተለይ ፎቶ ቤትና ኮፒ ቤት ውስጥ ብዙ እጅ የሚነካው ኮምፒውተር ከሆነ፣ በየቀኑ የሚባክን ጊዜ ያተርፋሉ።

ሊኑክስ ወይም ማክ ከሆነስ?

ሊኑክስ ላይ ተርሚናል ከፍተው ኤልኤስዩኤስቢ የሚለውን ትእዛዝ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፉ፤ ክፍት ቦታ ትተው ሰረዝና ቲ ይጨምሩ። በየመስመሩ መጨረሻ 12፣ 480 ወይም 5000 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ 12 ማለት 1.1፣ 480 ማለት 2.0፣ 5000 ማለት 3.0 ነው። ማክ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ዩኤስቢ የሚለውን ሲከፍቱ የተሰካው ዕቃ ስንት ላይ እየሠራ እንደሆነ ይጽፋል። ማክቡኮች ወደ 3.0 የተሻገሩት በ2012 ነው፤ የ2011ዱ ማክቡክ ፕሮ 2.0 ነው።

ቀዳዳው ሰማያዊ ነው፤ ፍጥነቱ ግን እንደ 2.0 ነው። ለምን?

ዴስክቶፕ ከሆነ መጀመሪያ የፊት ለፊቱን ቀዳዳ ይጠርጥሩ። ከካሳው (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ፊት ያለው ቀዳዳ በገመድ ከማዘርቦርዱ ጋር ይገናኛል። የ3.0 ገመድ ጫፉ ሰፊ ነው፤ በሁለት ረድፍ 19 ቀጫጭን መርፌዎች ላይ ይሰካል። የ2.0 ደግሞ ጠባብ ሆኖ 9 መርፌ ብቻ አለው። አሮጌ ማዘርቦርድ አዲስ ካሳ ውስጥ ሲገባ ሰፊው ገመድ የሚሰካበት ስለሚያጣ ወይ በመቀየሪያ 9ኙ ላይ ይሰካል፣ ወይ ሳይሰካ ይቀራል። ከውጭ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ከውስጥ 2.0 ነው። የጎን ክዳኑን ከፍተው ገመዱ የት እንደሚያርፍ ይከተሉ። 19ኙ መርፌዎች በቀላሉ ስለሚታጠፉ ገመዱን ሲነቅሉ ግራና ቀኝ አያወዛውዙት፤ ቀጥ አድርገው ይሳቡት።

ሁለተኛው ባዮስ ነው። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ባዮስ ውስጥ ኤክስኤችሲአይ ወይም ዩኤስቢ 3.0 የሚል ምርጫ አላቸው። ዲሴብልድ ላይ ከሆነ ቀዳዳው በ2.0 ብቻ ይሠራል፤ ወደ ኢኔብልድ ወይም አውቶ ይመልሱት። ሦስተኛው ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራም) ነው፤ እሱ ለብቻው መልስ ይፈልጋል።

ዊንዶውስ 7 ላይ 3.0 አይሠራም የሚባለው እውነት ነው?

ድራይቨሩ ካልተጫነ አይሠራም። ዊንዶውስ 7 ሲሠራ የ3.0 ድራይቨር አብሮት አልመጣም፤ ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው ዊንዶውስ 8 ነው። 7 ላይ ድራይቨሩ ከሌለ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ቃለ አጋኖ ያለበት ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለር የሚል መስመር ያያሉ። የኢንቴል የራሱ ቺፕሴት ከሆነ ቀዳዳው ወደ 2.0 ወርዶ ሊሠራ ይችላል። የተጨመረ ቺፕ ከሆነ ግን ጭራሽ ይሞታል፤ ማውስ እንኳ አያነሳም። «ሰማያዊው ቀዳዳ ተቃጥሏል» ተብሎ ለጥገና ከሚመጣው ውስጥ ድራይቨር ብቻ የጎደለው ይገኝበታል።

ድራይቨሩን ከላፕቶፑ ወይም ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ፣ በሞዴሉ ስም ፈልገው ያውርዱ። በጥቁሩ ቀዳዳ ፍላሽ ሰክተው ያስገቡት፤ ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱት።

የ3.0 ፍላሽ 2.0 ቀዳዳ ላይ ብሰካ ይበላሻል?

አይበላሽም። በ2.0 ፍጥነት ይሠራል። የ2.0 ፍላሽ 3.0 ቀዳዳ ላይ ሲሰካም እንዲሁ ነው።

ፍላሹም ቀዳዳውም 3.0 ሆነው ኮፒው ለምን ይንቀራፈፋል?

የሐረጎን ዳገት ሲወጡ የጫነ ከባድ መኪና ፊት ከገባ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ በእሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ኮፒም እንደዚያ ነው፤ ከሁሉም ዘገምተኛው ዕቃ ፍጥነቱን ይወስናል። ብዙ ጊዜ ዘገምተኛው ፍላሹ ራሱ ነው። ርካሽ ፍላሽ 3.0 ተብሎ ተጽፎበትም ወደ ራሱ ሲጽፍ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ሜጋባይት ላይ ሊቆም ይችላል፤ ሲነበብ ግን ይሻላል። ኮፒው ሲጀምር 200 ብሎ በድንገት ወደ 12 ከወረደ ዊንዶውስ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ሚሞሪ (ራም) ስለጻፈ ነው፤ እውነተኛው ፍጥነት 12ቱ ነው።

የፋይሉ ብዛትም ይወስናል። 2,000 የመንዙማ ፋይሎችን አንድ በአንድ መገልበጥ ያንኑ የሚያክል አንድ ቪዲዮ ከመገልበጥ በጣም ይረዝማል፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ስምና ቦታ መመዝገብ አለና። ዚፕ አድርገው አንድ ፋይል ቢያደርጓቸው ልዩነቱን ያዩታል። ፍላሹን ቀስ ብለው ከሰኩትም ሊንቀራፈፍ ይችላል፤ አራቱ የ2.0 ብረቶች ቀድመው ስለሚነኩ ኮምፒውተሩ በ2.0 ተቀብሎት ይቀራል። ነቅለው በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሰኩት። አምስቱ ትናንሽ ብረቶች ላይ አቧራ ከተቀመጠም ውጤቱ ያው ነው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። ረዥም ማስረዘሚያ ወይም ርካሽ ሃብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያባዛ ዕቃ) መሃል ካለ አውጥተው በቀጥታ ይሞክሩ።

ለመለካት 2 ጊጋባይት የሚሆን አንድ ፋይል ፍላሹ ላይ ያስቀምጡ። ፍላሹን በሥርዓት አውጥተው መልሰው ይሰኩ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ከሚሞሪ አንስቶ ይሰጥዎትና ያታልልዎታል። ከዚያ ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ እየገለበጡ በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። በ20 ሰከንድ ካለቀ 100 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ያለ ጥርጥር 3.0 ነው፣ 2.0 እዚያ ሊደርስ አይችልምና። አንድ ደቂቃ ከፈጀ ግን 2.0 ነው ብለው አይደምድሙ፤ ፍላሹ ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ፍላሽ በተረጋገጠ 3.0 ኮምፒውተር ላይ ሞክረው ያመሳክሩ።

ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ ጭራሽ አልቀበልም ካለ ደግሞ ጉዳዩ ከፍጥነት ጋር አይገናኝም። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ተደርጓል፤ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጠው ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይቀይሩት።

ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኬ መብራቱ ይበራል፣ ግን አይነሳም። ኮምፒውተሩ ስላረጀ ነው?

የኃይል ማነስ ሊሆን ይችላል። 2.0 ቀዳዳ እንዲሰጥ የተመደበው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ 3.0 ደግሞ 900። ሃርድ ዲስክ መዞር ሲጀምር ብዙ ኃይል ይስባል፤ ለ3.0 የተሠራው አሮጌ 2.0 ቀዳዳ ላይ ሊያቅተው ይችላል። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ነቅለው ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቀዳዳ ይሰኩት። ገመዱን በአጭር ይቀይሩ። ያም ካልሠራ ሁለት አፍ ያለው ገመድ ከሁለት ቀዳዳ ኃይል ይስባል።

በሌላ ኮምፒውተር ላይም ቀጭ ቀጭ እያለ የሚቆም ከሆነ ዲስኩ ራሱ እየተበላሸ ነው። ደጋግመው አይሰኩት፤ በየሙከራው የሚተርፈው ፋይል ይቀንሳል። ውስጡ የማይተካ ነገር ካለ መረጃ ለሚያወጣ ባለሙያ ይስጡት።

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ 3.0 መጨመር ይቻላል?

ዴስክቶፕ ላይ ይቻላል። ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ ካለ ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት አፍ የዩኤስቢ 3.0 ካርድ ይገባበታል። ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ እንዳይኖር፣ ከማዘዝዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ፎቶ ያንሱና ሦስት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ ትንሿ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ መኖሯን፤ ረዘም ያለው ነጩ አሮጌ ፒሲአይ ሌላ ነው፣ ካርዱ አይገባበትም። ሁለተኛ፣ ካሳው ቀጭን ከሆነ ካርዱ አጭር የብረት ማቀፊያ ይዞ መምጣቱን። ሦስተኛ፣ ካርዱ የራሱ የኃይል መሰኪያ ካለው ከፓወር ሰፕላዩ የሚተርፍ ገመድ መኖሩን። የመጀመሪያው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከሆነ በሰከንድ 250 ሜጋባይት ላይ ይገታል፤ ለሃርድ ዲስክ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው። በካርዱ በኩል ዊንዶውስ ከፍላሽ ማስነሳት አሮጌ ባዮስ ላይ ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ለዚያ የድሮውን ቀዳዳ ይጠቀሙ።

ላፕቶፕ ላይ የሚቻለው ጎኑ ላይ ኤክስፕረስ ካርድ የሚባል ቀዳዳ ካለው ብቻ ነው። ከሌለው አይቻልም፤ የሚጨምር ነገር አለ ብሎ የሚሸጥልዎት ሃብ 2.0ን ያባዛል እንጂ አያፈጥንም። ኮምፒውተሩ የሚንቀራፈፈው በሁሉም ሥራ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ለዩኤስቢ ከማውጣት ውስጡ ያለውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ይሻላል።

ማሸጊያው ላይ 3.1 ወይም 3.2 ይላል። ከ3.0 ይበልጣል?

ከቁጥሩ ቀጥሎ ጄን 1 የሚል ካለ አይበልጥም። 3.0፣ 3.1 ጄን 1 እና 3.2 ጄን 1 አንድ ናቸው፤ ሦስቱም 5 ጊጋቢት። ስሙ እንጂ ፍጥነቱ አልተቀየረም። 3.1 ጄን 2 የሚለው ነው 10 ጊጋቢት የሆነው፤ ከ2013 ወዲህ የመጣ ስለሆነ የቆየ ኮምፒውተር ላይ ቢገዙትም በ5 ወይም ከዚያ በታች ይሠራል።

በድሮ ዕቃዎች ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። 2.0 ፉል ስፒድ ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ፍጥነቱ 12 ሜጋቢት ነው፤ ያው የ1.1 ማለት ነው። 480 የሚሆነው ሃይ ስፒድ የሚለው ነው።

3.0 ሃርድ ዲስክ ስሰካ ገመድ አልባው ማውስ ይዘላል፣ ዋይፋይም ይቆራረጣል። ምን ላድርግ?

3.0 ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል፤ ገመድ አልባ ማውስና ብዙው ዋይፋይ የሚሠሩት እዚያው ላይ ነው። የማውሱ መቀበያ ከዲስኩ አጠገብ ከተሰካ ማውሱ ይዘላል። መቀበያውን ወደ ላፕቶፑ ሌላ ጎን፣ ቢቻል ወደ 2.0 ቀዳዳ ያዛውሩት። ዴስክቶፕ ከሆነ በአጭር ማስረዘሚያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ማውሱ አጠገብ ያድርጉት። የዲስኩን ገመድ ደህና ሽፋን ባለው መቀየርም ጫጫታውን ይቀንሰዋል።